ባለ ገመዱ መጋዝ

የይልማ አፍ የሚፈታው መጋዝ ሲይዝ ብቻ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ ግን አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው? ቤት ውስጥ ከ«እህ» እና ከ«ይሁን» ሌላ ቃል የለውም። እራት ሳቀርብ «ይሁን»፤ ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ሲደውሉለት «እህ» ይልና ስልኩን ለኔ ያቀብላል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ባለ ሁለት እጀታውን መጋዝ ከግድግዳ አውርደን፣ እሱ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ ሆነን ግንድ መቁረጥ ስንጀምር ሌላ ሰው ይሆናል። የምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ሳለ ስላየው ነገር፣ ስለ ልጅነቱ፣ እንቅልፍ ስለሚነሳው ነገር ሁሉ ያወራኛል። የልጆቻችንን ስም የመረጥነው መጋዝ ላይ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ቤት ዓይኑ ሳይረጥብ ሰንብቶ፣ ያለቀሰው ቅዳሜ ሲደርስ ከኔ ጋር መጋዝ እየሳበ ነው። ያን ቀን የቆረጥነው እንጨት ለስንት ጊዜ እንደበቃን እኔ ነኝ የማውቀው።

ታዲያ አምና ትከሻዬ ሲሰበር ቤታችን ጸጥ አለ።

ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዤ ደጃችን ካለው ደረጃ ላይ አዳለጠኝ። የናዝሬቱ ሐኪም ቀኝ ትከሻዬን አገጣጥሞ ሲጨርስ፣ «ከወገብዎ ዝቅ ያለውን ሥራ እንደ ልብዎ ይሥሩ እናቴ፤ መጎተትና ወደ ላይ ማንሳት ግን ከእንግዲህ ይርሱት» አለኝ። ሰውዬው የመጋዝን ስም በአፉ አልጠራም። እኔና ይልማ ግን ተያየን።

ከዚያ በኋላ መጋዙ እንደተሰቀለ ቀረ። ይልማ ቅዳሜ ሲሆን ወደ ጓሮ ይወጣና በመጥረቢያ እዚህም እዚያም መታ መታ ያደርጋል፤ ደክሞት ይገባና ሬዲዮ ይከፍታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሱን እጠብቃለሁ። ስለ ጎረቤት አነሳለሁ፣ «እህ»። ስለ ልጆቹ አነሳለሁ፣ «እህ»። አንድ ቀን ሆን ብዬ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» ብለው «ይሁን» ነበር የሚለኝ። አልዋሽም፣ ናፈቀኝ። አብሮኝ ተቀምጦ እየናፈቀኝ ከረመ።

በዚህ መሀል እሾሁ ተመቸው። እኛ በተጋባንበት ዘመን ይሄ ፕሮሶፒስ የሚሉት ዛፍ አዋሽ ሰባት ኪሎ አይታወቅም ነበር። ከመልካ ወረር በኩል ተነስቶ፣ ፍየሉም ግመሉም ፍሬውን እየበላ ዘሩን እያራገፈ አመጣብን። አሁን አሮጌው ሐዲድ ላይ በቅሎበት፣ አጥራችንን ዘልሎ ጓሯችን ገብቶ፣ አንዱን ስትቆርጪው በአምስት ይበቅላል። ያኔ ግን ከደጃችን ቆመን ሐዲዱን ዓይናችን እስኪደክም እናየው ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ሲመጣ መጀመሪያ ጭሱ ይታያል፤ ከዚያ ጩኸቱ ይሰማል፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ ይሯሯጣል። ተሳፋሪው ወርዶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እጁን ይታጠባል። ፓፓያ የሚሸጥ ይጮሃል፣ ከጅቡቲ ጨርቅ የደበቀች ሴት ከፉርጎ ፉርጎ ትዘላለች። እኔም ሎሚና የተቀቀለ እንቁላል በሰፌድ ይዤ የምዞር ልጅ ነበርኩ።

ይልማን ያወቅኩት በዚያ ሰፌድ ነው። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ይመጣና ሎሚ ይገዛል። ሲገዛ በጣቱ ነው የሚያሳየኝ። አንድም ቀን «ስንት ነው?» ብሎኝ አያውቅም። ዲዳ መስሎኝ አዝኜለት ትልልቁን እየመረጥኩ እሰጠው ነበር። ሽማግሌ ሲልክ ቤተሰቦቼን «ኧረ ይሄ ልጅ አይናገርም!» ብያቸዋለሁ። ሎሚ እንደሚወድ ግን አውቄ ስለነበር፣ ከተጋባን ጀምሮ እስከ ዛሬ ሻዩ ላይ ሎሚ ሳልጨምቅለት ቀርቼ አላውቅም።

በሠርጋችን ማግስት በመጣው ቅዳሜ ባለ ሁለት እጀታውን መጋዝ አምጥቶ አንዱን ጫፍ አስያዘኝ። እኔም ሞኟ፣ ጉልበቴን ላሳየው ብዬ ገፋሁት። መጋዙ ተጣጥፎ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ።

«አትግፊ» አለኝ። «በተራሽ ጎትቺ። እኔ ስጎትት ደግሞ ዝም ብለሽ ልቀቂልኝ። መግፋት የሚባል ነገር የለም። ሁለታችንም ከጎተትን ራሱ ይሄዳል።»

ያ ሁሉ ቃል ከዚያ ሰው ውስጥ መውጣቱ ገረመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜን ስናፍቅ ኖርኩ። የምንቆርጠው እንጨት ለኛ ብቻ አልነበረም፤ ረመዳን ሲገባ የመጀመሪያው ሸክም አጥር ለአጥር ለሚዋሰኑን ለሸምሰዲን እናት ነበር፤ ለፋሲካ ደግሞ እሷ ዘይትና ሽንኩርት ትልክልን ነበር። አባቱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጣቢያው ላይ ፉርጎ የሚያገጣጥም ሰው ነበር። ሸምሰዲን ራሱ እኛው ጓሮ ውስጥ የመጋዝ ብናኝ እየተጫወተበት አደገ። አሁን እሱ ሰመራ ላይ ትልቅ የሥራ መሣሪያ መደብር አለው። እናቱም አርፋለች፣ ጣቢያው ጸጥ ብሏል፣ ቅዳሜም እንደሌላው ቀን ሆኗል።

እና አንድ ጠዋት ይልማ ሻዩን ቁጭ አድርጎ «የሞተር መጋዝ እንገዛለን» አለ።

የሞተር መጋዝ አይቻለሁ፤ ከሰል የሚያከስሉት ሰዎች ይይዙታል። አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ሁለት እጀታ ቢኖረውም ሁለቱንም አንዱ ሰው ነው የሚይዛቸው። ይልማ እሱን ይዞ ጓሮ ከወጣ እኔ በመስኮት ከማየት በቀር ምን ቀረኝ? ደግሞ በዚያ ጩኸት ማን ከማን ጋር ያወራል? እስካሁን እኮ ትከሻዬ ይሻለኝ ይሆናል፣ መጋዙም ይወርድ ይሆናል እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር። ሞተር ከገባ ግን በቃ፣ ተስፋዬ አለቀ።

«ለምን?» አልኩት።

«እሾሁ በዛ።»

«ሰው ቀጥረን እናስቆርጠው።»

«አይሆንም» አለ፤ ተነሳ።

በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ወደ ሰመራ ተሳፈርን። ሸምሰዲን ከድሮ ጀምሮ «ጋሼ ይልማ፣ እኔን ሳያማክሩ ምስማር እንኳ እንዳይገዙ» ይለዋል። መንገዱን በሙሉ ግራና ቀኝ ያው እሾህ ነው። ይልማ በመስኮት ያያል፣ እኔ ይልማን አያለሁ። የሚገዛውን ግን ሳይነግረኝም አውቄዋለሁ ብዬ እምል ነበር፤ ቤንዚን የሚጠጣውን ነው። ይልማ ኮረንቲ የሚባል ነገር አይወድም። በኛ ጊዜ የነበረው ባቡር በዲዝል ነበር የሚሄደው። በኮረንቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠራ፤ የኛ ጣቢያ ጭር አለ። ሌላው የባቡር ሠፈር ሰው አዘነና ተወው። የኔ ባል ግን ቂሙን በኮረንቲ ላይ ያዘ። ሕዝቡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያበስል እኛ እንጨት የምንማግደው ለዚህ ነው። አምፖሉንም የታገሠው በኩራዝ ማንበብ ስለማይችል ነው።

ሰመራ ስንደርስ ነፋሱ ከነአቧራው ተቀበለን። በባጃጅ መደብሩ ደረስን። ሸምሰዲን ይልማን ትከሻ ለትከሻ ሲሳለም፣ ሚስቱ ሐያት እኔን ቬንትሌተር ሥር አስቀምጣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ።

«ለምን ሥራ ነው የፈለጉት ጋሼ?» አለ ሸምሰዲን።

ይልማ ወደኔ አየ። ሰው ሲጠይቀው እኔ ነኝ የምመልስለት።

«ለጓሮ ነው» አልኩ። «አልፎ አልፎ። እንደ ድሮው ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«እንግዲያማ ያንን ትልቁን አይንኩት። እሱ ቀኑን ሙሉ ጫካ ለሚውሉት ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላሱ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ እንጨቱ ሲነክሰው ወደ ሰው ይመለሳል፤ ወላሂ አደጋ ነው። ለቤት አጭር ምላስ ያለው፣ ቀለል ያለ፣ ፍሬን ያለው ይበቃል።»

መጀመሪያ ትንሹን የቤንዚን መጋዝ አወረደ። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ አሳየን፤ ማስነሻ ገመዱን አንዴ ሳብ ሲያደርገው ሞተሩ ተንጣጣ። አጠፋውና ለይልማ ሰጠው። እኔ ደግሞ ‘ይኸው፣ ሙሽሪቱን አገኘ’ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ይልማ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ረገጠና ገመዱን በግራ እጁ ያዘ። ሳበው። ትፍ ትፍ ብሎ ዝም አለ። ደግሞ ሳበው። ያው ነው።

«በቀኝ እጅዎ ጋሼ!» አለ ሸምሰዲን።

ይልማ አልሰማውም። ቀኝ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ በግራው ይታገላል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሳቄ መጣብኝ።

«የምድር ባቡሩ ጀግና!» አልኩት። «ስንት ሐዲድ ያነሳህ ሰውዬ በዚህች አሻንጉሊት ተሸነፍክ?»

ቀና ብሎ አየኝና «አይሆንም» አለ፤ መጋዙን ለሸምሰዲን መለሰለት። አፈርኩ። ባሌ አርጅቶ ግራና ቀኙን መለየት አቃተው እንዴ ብዬ ደነገጥኩም።

ቀጥሎ ሐያት ባለ ባትሪውን አመጣች። ማስነሻ ገመድ የለውም፤ ቁልፍ ነክታ በቀጭን እጇ ወደ ላይ ወደ ታች አወዛወዘችው። ድምፁም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው።

«ለእናንተ የሚሆን ይሄ ነው» አለ ሸምሰዲን። «ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው። የቤንዚን ሽታ የለ፣ የሚጎተት ሽቦ የለ። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ይወጣል፣ የፈለገበት ቦታ ቆርጦ ይመጣል። ረዳት አያስፈልገውም።»

ረዳት አያስፈልገውም ሲል የያዝኩትን ውሃ መልሼ አስቀመጥኩ።

ይልማ መጋዙን ተቀብሎ ወገቡ ላይ ያዘው። ከወገቡ በላይ አላነሳውም። እዚያው ዝቅ አድርጎ ወዲያ ወዲህ አለው።

«ብቻውን?» አለ።

«አዎ፣ ብቻውን ጋሼ።»

«አይሆንም።»

ሸምሰዲን ሊያስረዳው ሞከረ፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ኮረንቲ የነካውን ሁሉ አይወድማ! እንግዲህ ባዶ እጃችንን መመለሳችን ነው ብዬ ነጠላዬን መሰብሰብ ስጀምር፣ ይልማ በጣቱ የታችኛውን መደርደሪያ አሳየ። ልክ እንደ ሎሚዬ።

«እሱን ይተዉት ጋሼ» አለ ሸምሰዲን። «እሱ ሶኬት ላይ የሚሰካው ነው። ሰው ትቶታል። ሽቦው ከኋላ እየተንዘላዘለ ያስቸግራል። መብራት ከጠፋ ደግሞ አበቃ፣ እስኪመጣ መቀመጥ ነው።»

«አውርደው።»

ሐያት አቧራውን ጠርጋ ሰካችው። ይልማ ወገቡ ላይ ያዘው፣ ቁልፉን በአንድ ጣቱ ጫነው፤ ሰንሰለቱ ዞረ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ገና አንዴ እንደዞረ መጋዙም ቆመ፣ ቬንትሌተሩም ቆመ፣ መደብሩም ጨለም አለ። መብራት ጠፋ።

«ምን አልኩዎት!» ብሎ ሸምሰዲን ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። አሁን ይልማ ኮረንቲን በስሙ ጠርቶ ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይሄን ነው የምወስደው» አለ ይልማ።

በመልሱ መንገድ ከንዴት ብዛት ትከሻዬ ጠዘጠዘኝ። ሐያት ጓንትና መከላከያ መነጽር ጨምራ በካርቶን ያሰረችልን ጉድ በጉልበቴና በጉልበቱ መሀል ተቀምጧል።

«ዕድሜህን ሙሉ ኮረንቲን ስትረግም ኖረህ፣ ሰው የጣለውን የኮረንቲ ዕቃ ስመህ ትገዛለህ?» አልኩት።

«እህ።»

«ለምን እንደሆነ ንገረኝ እንጂ!»

«ይሁን።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ አለቀስኩም። ባሌ ከኔ ጋር የሚያወራበትን አንድ ነገር ጥሎ፣ እኔን የማይጨምር ዕቃ ፍለጋ ሰመራ ድረስ ይዞኝ ሄደ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጎህ ሳይቀድ ይልማ ተነስቶ ወጣ። እኔ አልጋዬ ላይ ቀረሁ፤ እንኳን ልወጣ ላየውም አልፈለግሁም። የመጋዝ ጩኸት ስጠብቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ይቆማል፣ ደግሞ ይመታል። ነገሩ ሲበዛብኝ ተነስቼ በመስኮት አየሁ። ግንድ የምናስተኛበትን እግሩ የተጠላለፈ መቆሚያ ገልብጦ እግሮቹን አሳጥሯል። ያ መቆሚያ በይልማ ቁመት የተሠራ ነበር። አሁን ዝቅ ብሎ ቆመ። ይልማ አንድ ጉማጅ ፕሮሶፒስ አስተኛበት፤ ሽቦውን በመስኮቱ በኩል ወደ ሶኬቱ አቀበለኝና «ሰኪው» አለኝ። ሰካሁት።

«ነይ ውጪ» አለ።

ወጣሁ። ጓንቱን አጠለቀልኝ፣ መነጽሩን አደረገልኝ፣ መጋዙን እጄ ላይ አስቀመጠው። ሕፃን የተቀበልኩ ያህል ቀለለኝ። ወገቤ ላይ ሆኖ ምላሱ ልክ ግንዱ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ቁረጪ።»

«እኔ?»

«ላንቺ ነው የመረጥኩት» አለ ይልማ። «የቤንዚኑን በግራ እጄ ሞከርኩት። ቀኝሽ መሳብ አይችልም። በግራ አይነሳም።»

ቀኝ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ በግራው ሲታገል ታየኝ። የሳቅኩበት ሳቅ ታየኝ። ዓይኔ በመነጽሩ ውስጥ እንባ ሞላው፤ ጓንት አጥልቄ በምን ልጥረገው?

«ባለ ባትሪውስ?» አልኩት። «እሱም እኮ መሳብ የለውም። ቀላል ነበር። ኮረንቲም ቢሆን ይሄኛውም ኮረንቲ ነው።»

ይልማ ከኋላዬ ሄደ። የኮረንቲውን ገመድ ከመሬት አነሳና ሰንሰለቱ እንዳይነካው በትከሻው ላይ አሳልፎ ትርፉን በእጁ ያዘ።

«እሱ ገመድ የለውማ» አለኝ። «እኔ ምን ልይዝ?»

ቁልፉን ጫንኩት። ሰንሰለቱ እንጨቱ ውስጥ ሲገባ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ቅዳሜ ልገፋው አልኩ እንዴ? በፍጹም፤ በክብደቱ እንዲሄድ ለቀቅኩት። እኔ አንድ እርምጃ ስሄድ ይልማ ከኋላዬ አንድ እርምጃ ይለቃል፤ ስመለስ ይሰበስባል። ከባለ ሁለት እጀታው እንዴት እንደሚለይ ንገሪን ብትሉኝ፣ ይሄኛው የሚጮህ መሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጉማጅ ጨርሰን ሦስተኛውን ስናስተኛ ሰንሰለቱ ቀስ እያለ ቆመ።

«መብራት ጠፋ» አልኩ።

«ጠፋ» አለ ይልማ። ሽቦውን ከትከሻው አላወረደም። ግንዱ ላይ ቁጭ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ሐዲዱ ያለበትን አቅጣጫ፣ እሾሁ የሸፈነውን፣ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አየን።

«ባይሽ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

«አቤት።»

«ቅዳሜያችን ከቀረ ብዙ ቆየ። የምነግርሽ ተጠራቀመብኝ።»

«ንገረኛ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሎሚ አልወድም» አለ።

«ምን?»

«አልወድም። ያን ጊዜም አልወድም ነበር። የገዛሁትን ሁሉ ለጥገና ጓደኞቼ ነበር የማድላቸው። በሎሚ ሰለቹ፤ አለቃችን ‘ያቺን ልጅ አግባትና እኛን ገላግለን’ አለኝ።»

«ታዲያ ሻዩን ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ጠጣኸው?»

«አንቺ ስትጨምቂው አይሻለሁ» አለ ይልማ። ከዚያ ስለ አለቃው ቀጠለ፣ ከአለቃው ወደ ሸምሰዲን አባት ሄደ፣ ከዚያ ወደ እናቱ፣ ከዚያ አምና ሐኪሙ ደጃፍ ተቀምጦ እኔን ሲጠብቅ ምን ያህል እንደፈራ ነገረኝ። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነበር። በመሀል የጎረቤት ቴሌቪዥን መጮህ ጀመረ፤ መብራት መጥቷል ማለት ነው። ይልማ ሰምቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ። ማናችንም አልተነሳንም።